«መዝገቡ ጠፍቷል» ለተባሉት የኩታበር ተወላጅ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን ትውልዴ ኩታበር ነው። አባታችን በ2012 ዓ.ም. ደሴ ሲታከሙ ቆይተው አረፉ፤ የተቀበሩት ኩታበር ነው። ከተማው ውስጥ መኖሪያ ቤት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ የእርሻ መሬት ነበራቸው። እናታችን አሁን ኮምቦልቻ ከታናሽ እህቴ ጋር ይኖራሉ። የሞት የምስክር ወረቀት አላወጣንም፤ አራት ልጆች ስንሆን ማናችንም የልደት ወረቀት የለንም፤ የቤቱ ካርታም የት እንደገባ አይታወቅም። ወደ ቀበሌ ስደውል በጦርነቱ መዝገብ ስለጠፋ ምንም የለም ተባልኩ። አንዱ ዘመድ ደሴ ዞን ሂጂ ይለኛል፤ ሌላው ጉዳይ የሚጨርስ ሰው ላገናኝሽ ይላል። ከየት ልጀምር?»

አባትዎን አላህ ይዘንላቸው። ከፍሬ ነገሩ ልጀምር፦ ወደ ዞን አይሂዱ፤ ጉዳይ እጨርሳለሁ ለሚለውም ሰው ሰባራ ሳንቲም አይስጡ። መጀመሪያ የሚሄዱት ኮምቦልቻ፣ እናትዎ ዘንድ ነው። ቀጥሎ ኩታበር። ደሴ የሚያስፈልግዎት ለጥቂት ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም በቦታው እነግርዎታለሁ።

ደሴ ላይ በጥብቅና ስሠራ ከሁሉ ደጋግሜ የማየው ችግር ይህ ነው። ሰዉ አንድ ወረቀት የጠፋበት ይመስለዋል። የእርስዎ ጉዳይ ግን በተለያዩ ጽሕፈት ቤቶች የሚያዙ የተለያዩ መዝገቦች ጉዳይ ነው፦ የአባትዎ ሞት፣ የእናንተ ልጅነት፣ የእናትዎ ጋብቻ፣ የቤቱ ይዞታ፣ የእርሻው ይዞታ። ቤቱ የማዘጋጃ ቤቱ ጉዳይ ነው፤ እርሻው የወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ሞቱ፣ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘግበው የቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም ሥራ ነው፤ ልጅነቱ ደግሞ በመጨረሻ ፍርድ ቤት የሚቋጭ ነው። አንዱ ዘንድ «የለም» መባሉ ስለ ሌላው ምንም አይናገርም። ቀበሌው በስልክ «ምንም የለም» ሲልዎ የመለሰው የራሱን መደርደሪያ አይቶ ነው፤ ያውም አይቶ ከሆነ።

ሁለተኛው ነገር ዘመን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ ነበር፤ ሆኖም እዚያው ሕጉ ውስጥ በቁጥር 3361 የአፈጻጸሙ ቀን በትእዛዝ እስኪነገር ድረስ እንዲቆይ ተደረገ፤ ቆይቶም ቀረ። የወሳኝ ኩነት (የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞትና የመሳሰለው) ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች ለጠየቃቸው ሰው የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጡ ነበር እንጂ፣ የተወለደ ሁሉ የሚሰፍርበት መዝገብ በየቀበሌው አልነበረም። እንግዲህ የእርስዎና የወንድም እህቶችዎ ልደት ኩታበር ያልተገኘው ጦርነቱ ስላጠፋው አይደለም፤ ከመጀመሪያውም አልተጻፈም። ያልተጻፈን ነገር ፍለጋ መመላለስ ድካም ብቻ ነው። እሱን በሌላ ማስረጃ ማስመዝገብ ወይም በፍርድ ማስረዳት ይቻላል፤ እመለስበታለሁ። የአባትዎ ሞት ግን የደረሰው ምዝገባው ከተጀመረ በኋላ ስለሆነ ሌላ መንገድ አለው።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ። እያንዳንዱ የወሎ ቤት አንድ ሣጥን አለው፤ ቆርቆሮም ይሁን እንጨት፣ አንዳንዴም የእናት ቦርሳ ነው። እህትዎ እሱን ከእናትዎ ጋር ተቀምጣ ትክፈተው። የሚፈለገው ካርታው ብቻ አይደለም። የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ደረሰኝ፣ የእርሻ ግብር ደረሰኝ፣ አረንጓዴው የመሬት ደብተር፣ የኒካህ ወረቀት፣ የድሮ የቀበሌ መታወቂያ፣ የሆስፒታል ካርድና የመድኃኒት ማዘዣ፣ የመብራት ውል፣ ከማንኛውም መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ፣ የተቀደደም የደበዘዘም ቢሆን ይውጣ። ፎቶ አንስታ ትላክልዎት፤ ዋናውን ግን በላስቲክ አታሽገው። በላስቲክ የታሸገ ዋና ሰነድ ማኅተሙን ለመመርመር ስለማይመች ያከራክራል።

ከሚገኘው ሁሉ ደብዳቤ ትልቁ ሀብት ነው። ምክንያቱን ላስረዳ፤ የመዝገብ ፍለጋ ሙያ ግማሹ እዚህ ላይ ነው። ማንኛውም የመንግሥት ደብዳቤ በራስጌው በስተቀኝ «ቁጥር» እና «ቀን» አለው፤ በግርጌው ደግሞ «ግልባጭ» የሚል ርእስ፣ ከሥሩም ደብዳቤው በትይዩ የተላከላቸው ክፍሎች ዝርዝር አለ። ብዙ ሰው መሐሉን ያነባል፤ እኛ የምናነበው ራስጌውንና ግርጌውን ነው። ቁጥሩ ላኪው መሥሪያ ቤት በወጪ መዝገቡ ላይ የሰጠው መለያ ነው። ተቀባዩም ደብዳቤው እጁ ሲገባ በገቢ መዝገቡ ላይ ይመዘግበዋል፤ ከዚያም ከሚመለከተው ማኅደር ውስጥ ይከተዋል። ግልባጭ የተደረገላቸውም እንዲሁ። ማለትም አንድ ገጽ ደብዳቤ ቢያንስ ሁለት ቦታ፣ አንዳንዴም አራት ቦታ አለ። የቀበሌው ቅጂ ቢቃጠል የማዘጋጃ ቤቱ አለ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ቢጠፋ የወረዳው ገቢዎች ዘንድ ይገኛል። እና ወደ መዝገብ ቤት መስኮት ሲቀርቡ «የአባቴን ፋይል ፈልጉልኝ» አይበሉ። «ቁጥሩ ይህ፣ ቀኑ ይህ የሆነ ደብዳቤ በ1996 ዓ.ም. በገቢ መዝገባችሁ ላይ ይኖራል፤ በየትኛው ማኅደር እንደገባ ይታይልኝ» ይበሉ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል፤ ሁለተኛውን ሲሰማ ግን ወዲያው ይነሳል፤ የሚፈልገው ገጽ ታውቋልና።

ከዚህ አንጻር ኮምቦልቻ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ሰነድ አለ። እናትዎ ከኩታበር ወጥተው ኮምቦልቻ ሲገቡ መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ አምጥተው ይሆናል። መሸኛው የተጻፈው ከኩታበሩ ቀበሌ ነው፤ የቀረው ግን ኮምቦልቻ፣ አሁን በሚኖሩበት ቀበሌ ማኅደር ውስጥ ነው። በላዩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የቤት ቁጥር፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የነበሩበት ቀበሌ ይጻፋል። ኩታበር ላይ የጠፋው መረጃ ኮምቦልቻ በአንድ ወረቀት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እህትዎ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ከመድረሷ በፊት በእግሯ ሄዳ የምትጠይቀው ነገር ነው።

አሁን «መዝገቡ በጦርነቱ ጠፍቷል» ስለሚለው መልስ። ሐሰት ነው አልልዎትም። ከ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ደሴና ኮምቦልቻ ኅዳር 27 ቀን እስኪለቀቁ ድረስ፣ ኩታበርም የጦር ግንባር በነበረችበት ጊዜ፣ በአካባቢው ብዙ ጽሕፈት ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ወረቀታቸውም ተበትኗል። ግን ይህ መልስ ዛሬ በጣም ምቹ ሆኗል። አቧራ ውስጥ መግባት ያልፈለገ ሠራተኛ ሁሉ ይጠቅሰዋል። የምመክርዎ ሙግት አይደለም፤ መልሱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ማመልከቻ ያስገቡ፦ «የእገሌ የቤት ቁጥር ይህ፣ የዚህ ዓመት መዝገብ እንዲታይልኝ፤ ከሌለም አለመኖሩ በደብዳቤ እንዲገለጽልኝ»። ከዚያ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ መዝገቡ ይፈለጋል፤ ብዙ ጊዜ በፊርማው «የለም» ብሎ መጻፍ የሚከብደው ሰው ገብቶ ይፈልጋል፤ አንዳንዴም ያገኛል። ወይ ደግሞ መጥፋቱ ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ይሰጥዎታል። ይህ ደብዳቤ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ፍርድ ቤት ዋናው ሰነድ ለምን እንዳልቀረበ ሲጠይቅ የሚያቀርቡት እሱን ነው። በስልክ የተነገረ «የለም» ግን የትም አያደርስም።

ማመልከቻዎን በሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ፤ አንዱን ገቢ አስደርገው በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስመቱበት። መልስ ቢዘገይ የሚከራከሩት በዚያ ቁጥር ነው። የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። እውነቱን ለመናገር በትንሽ ከተማ አዋጅ መጥቀስ በሩን ከመክፈት ይልቅ ሲዘጋው ነው የማየው፤ ስለዚህ መጀመሪያ በሰላምታ፣ ቀጥሎ በማመልከቻ፣ አዋጁ በመጨረሻ።

ወደ ሞት ምዝገባው እንምጣ። ሞት መመዝገብ የነበረበት በ30 ቀን ውስጥ ነበር፤ አልፏል፤ ግን አልተዘጋም። ጊዜው ያለፈበት ምዝገባ ተብሎ ማስረጃ ቀርቦ ይመዘገባል። የሚጠይቁት የአባትዎ መደበኛ መኖሪያ በነበረው በኩታበሩ ቀበሌ ነው። ማስረጃው ምንድን ነው? አንደኛ፣ አባትዎ ያረፉት ደሴ ሕክምና ላይ እያሉ ከሆነ፣ የጤና ተቋሙ የሞት ማሳወቂያ ወረቀት ሊሰጥ ይችላል። ደሴ የሚያስፈልግዎት እዚህ ላይ ነው። የካርድ ቁጥራቸው ከሣጥኑ ከተገኘ ፍለጋው ይቀላል። ካልተገኘ ዓመቱን፣ ወሩንና የተኙበትን ክፍል ይዘው ይሂዱ። በጦርነቱ በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ የጤና ተቋማትም ስለተዘረፉ እዚያም «የለም» ሊባሉ እንደሚችሉ ይጠብቁ።

ሁለተኛው፣ እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው፣ እድር ነው። የእድር ጸሐፊ ደብተር የተሰመረ ተራ ደብተር ነው፤ ጥጋጥጉ የታጠፈ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ። በአንዱ ገጽ የአባላት ስምና ወርኃዊ መዋጮ፣ በሌላው ቀብር የወጣበት ቀን፣ ለሐዘንተኛው የተሰጠው ገንዘብ፣ የተቀበለው ሰው ፊርማ። ልብ ይበሉ፦ ገንዘብ ስላለበት ቀኑ አይሳሳትም፤ ጸሐፊው ለአባላቱ ሒሳብ ማስረዳት አለበትና። ደብተሩም በሰው ቤት ስለሚቀመጥ ቢሮ ሲዘረፍ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። በዚያ ደብተር ላይ ገንዘቡን የተቀበለችው «ሚስት» ተብላ ከተጻፈች ለእናትዎ ጋብቻም አንድ ተጨማሪ ፍንጭ ነው። የእድሩን ሊቀመንበር አግኝተው፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ከገጹ ፎቶ ኮፒ ጋር ይጠይቁ። የመስጊዱ ኮሚቴም የቀብሩን ጊዜ የሚገልጽ ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል። እነዚህን ከምስክሮች ጋር ለክብር መዝገብ ሹሙ ያቅርቡ። የምዝገባ ቅጹ ከአንድ በላይ ቅጂ እንዳለውና ከቀበሌ ወደ ላይ እንደሚላክም ይወቁ፤ ወደፊት የቀበሌው መዝገብ ቢጠፋ ፍለጋው ከዚያ ይቀጥላል።

ልጅነታችሁን በተመለከተ። የፋይዳ መታወቂያ አለኝ እንዳይሉኝ፤ ፋይዳ ማን እንደሆኑ እንጂ የማን ልጅ እንደሆኑ ማረጋገጫ ሆኖ አልተዘጋጀም። የተሻለው ምንጭ ትምህርት ቤት ነው። አንደኛ ክፍል ስትገቡ የተጻፈው የተማሪዎች መመዝገቢያ የተማሪውን ስም ከአባትና ከአያት ጋር፣ ዕድሜውን፣ አንዳንዴም የወላጁን ቀበሌ ይይዛል። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪና የ12ኛ ክፍል ውጤት ወረቀቶችም በስምና በአባት ስም የተደራጁ ናቸው። በወሎ ቤት አንዱ ወገን ክርስቲያን መሆኑ የተለመደ ነው፤ በእናት ወገን ክርስትና የተነሳ ልጅ ካለ የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ይታይ።

ሌላ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ቦታ አለ። አባትዎ ለአጭር ጊዜም ቢሆን በመንግሥት ሥራ፣ በመምህርነት ቢሉ በጥበቃ፣ ወይም እንደ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ባለ የመንግሥት ፋብሪካ ተቀጥረው ከነበረ፣ የግል ማኅደራቸው ውስጥ የሕይወት ታሪክ ቅጽ አለ። ሠራተኛው የሚስቱንና የልጆቹን ስም በእጁ ሞልቶ የሚፈርምበት ቅጽ ነው። አባት በሕይወት እያለ «ልጆቼ እነዚህ ናቸው» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ካገኙ ከዚያ የሚበልጥ የሰነድ ማስረጃ እኔ አላየሁም። የጡረታ መብት ከነበራቸው ደግሞ የጡረታ ማኅደራቸውም አለ። እናትዎን ይጠይቋቸው፤ «አንድ ጊዜ እንኳን ደመወዝ ይቀበሉ ነበር ወይ?» በማለት።

ሰነድ ከጠፋስ? የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ እንደ ፌዴራሉ ሁሉ ልጅነት በልደት ወረቀት ብቻ የሚረጋገጥ ነው አይልም። ልጅ ተብሎ ማደግ፣ ቤተሰቡም ጎረቤቱም እንደ ልጅ ማወቁ በምስክር ይነገራል። ለዚህ ምስክር ሲመርጡ በዕድሜ የገፉ፣ ከአባትዎ ጋር ቅርብ ጉርብትና የነበራቸው፣ ከውርሱ ግን ምንም የማያገኙ ሰዎች ይሁኑ። አጎት ጥሩ ሰው ነው፤ ጥሩ ምስክር ግን አይደለም።

አሁን ጉዳይ ስለሚያበላሽ አንድ ትንሽ ነገር። የአባትዎ ስም በየወረቀቱ አንድ ዓይነት ነው ወይ? እኛ አገር መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ ሆኖ ይጻፋል፤ እንድሪስ ኢድሪስ ይሆናል፤ ሰይድ ሰኢድ ይሆናል። ግብር ሰብሳቢው በጆሮው የሰማውን ይጽፋል፤ መሬት ለካኝ ሌላ ይጽፋል። አንዳንዱም ሰፈር የሚጠራበት ስም ደብተር ላይ ገብቶ ይገኛል። ስሙ በተለያየ መልክ የተጻፈባቸውን ሰነዶች ሁሉ አስቀድመው ይለዩና በፍርድ ቤት አቤቱታዎ ላይ ሁለቱም መጠሪያ የአንድ ሰው መሆኑ እንዲረጋገጥ አብረው ይጠይቁ። ወራሽነቱን ጨርሰው መሬት ጽሕፈት ቤት ሲደርሱ «ስሙ አይመሳሰልም» ተብሎ እንደገና ወደ ፍርድ ቤት ከመመለስ ያድናል። የእርስዎም የአባት ስም ፋይዳ ላይ እንዴት እንደሰፈረ አብረው ይመልከቱ።

ፍርድ ቤቱ የትኛው ነው? ውርስ የሚከፈተው ሟቹ መደበኛ መኖሪያቸው በነበረበት ቦታ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 826 ይህን ይላል። ስለዚህ ኩታበር፣ የወረዳው ፍርድ ቤት። ሁሉም ወራሽ ከፈቀደ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም ይቻላል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) የፈቀደው በተከራካሪዎቹ ስምምነት ነው። ልዩነቱን አውቀው ይምረጡ፤ ሰዎች ቅርብ ነው ብለው ገብተው በኋላ ይደነግጣሉ። በሸሪዓው፣ ልጆች እያሉ፣ ሚስት ስምንተኛውን ታገኛለች፤ ወንድ ልጅ የሴት እጥፍ ይወስዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ልጆች ወንድ ሴት ሳይሉ እኩል ናቸው፤ ሚስት ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደለችም፤ ሆኖም የጋራ ንብረት ከሆነው ላይ ግማሹ ከውርሱ በፊት የእሷ ነው። የእናትዎን ድርሻ ሳይለዩ ለልጆች ለመካፈል መቸኮል ከማያቸው ጥፋቶች ሁሉ ከባዱ ነው። የእሳቸውን ድርሻ አስቀድመው ይለዩ፤ የቀረው ውርስ ነው።

አቤቱታው ሲጻፍ አራቱም ልጆች ይጠሩ። ከሌላ ቤት የተወለደ ልጅ ካለም፣ ቤተሰቡ ባይወደውም፣ ይጠራ። የወራሽነት ማረጋገጫ በቁጥር 996 ይሰጣል፤ አላግባብ የተሰጠ ሆኖ ሲገኝም ይሰረዛል። ያልተጠራ ወራሽ በኋላ ብቅ ብሎ ያልቀደደው ማረጋገጫ ጥቂት ነው። ከማንኛውም ጽሕፈት ቤት በራስዎ ማግኘት ያቃተዎት ሰነድ ካለ ደግሞ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብልዎ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 145 መሠረት ያመልክቱ። ለእርስዎ «የለም» ያለ መዝገብ ቤት ለፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚሰጠው መልስ የሚለይበት ጊዜ አለ።

ስለ ቤቱ ብዙ አልልም። ማዘጋጃ ቤቱ ዘንድ የይዞታ ማኅደር አለ፤ ቁልፉ የቤት ቁጥሩና የግብር ደረሰኙ ነው። ካርታ ከጠፋ ምትክ የሚጠየቀው ማኅደሩ ከተገኘ በኋላ ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ቤቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገው ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 በኋላ በቀበሌ ቤትነት የተያዘና አባትዎ በኪራይ ይኖሩበት የነበረ ከሆነ፣ ስንት ዓመት ቢኖሩበትም የግል ይዞታ አይደለም። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «የቤት ኪራይ» ነው ወይስ «የቦታ ኪራይና የቤት ግብር»? በዚህ አንድ መስመር ጉዳዩ ይለያል። የመብራትና የውሃ ውል ነዋሪነትን ይደግፋል እንጂ ባለይዞታነትን አያረጋግጥም።

እርሻው የሚገኘው ገጠር ቀበሌ ከሆነ የወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ከቀበሌው የተሻለ መነሻ ነው። አረንጓዴው ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም አብሮ ስለሚጻፍ፣ በአባትዎ ስም ብቻ ካልተገኘ በእናትዎ ስም ይጠይቁ። ማሳው ያለበትን ጎጥ፣ የቦታውን ልዩ ስምና አዋሳኞቹን በአራቱም አቅጣጫ ይዘው ይሂዱ፤ በምሥራቅ የእገሌ ማሳ፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን መንገድ እየተባለ ነው የሚጻፈው። ይህን እርስዎ አያውቁትም፤ እናትዎ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ይነግሩዎታል። ዛሬውኑ ስልክ ደውለው በድምፅ ይቅዱት። ሁለተኛ ደረጃ ልኬታ በተደረገባቸው ቀበሌዎች ማሳው የራሱ መለያ ቁጥርና ካርታ ስላለው ፍለጋው ቀላል ነው። ካልሆነ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዝርዝር በየዓመቱ ስለሚዘጋጅ የወረዳው ገቢዎች ዘንድ የአባትዎን ስም ይፈልጉ። የገጠር መሬት ውርስ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ሳይሆን ከክልሉ የመሬት ሕግ፣ ከአዋጅ ቁጥር 252/2009፣ ጋር እንደሚታይም አይርሱ፤ ለቤቱ ያገለገለው የወራሽነት ወረቀት ለማሳው ብቻውን ላይበቃ ይችላል። በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ያሉ አንዳንድ የገጠር ቀበሌዎች ወደ ከተማ አስተዳደር ስለተካለሉ፣ ለእነሱ መዝገቡ ዛሬ የት እንደሚገኝ መጠየቅ ይቀድማል። ደብተሩ ወይም ደብዳቤው የደርግ ዘመን ከሆነ ደግሞ አድራሻው ወሎ ክፍለ ሀገር፣ አውራጃ፣ የገበሬ ማኅበር እያለ ነው የሚሄደው፤ የገበሬ ማኅበሩን ስም ዛሬ የትኛው ቀበሌ እንደወረሰው ከአካባቢው ሽማግሌ አጣርተው ይግቡ።

ለጉዞው ቀን ይምረጡ። የቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም ብዙ ጊዜ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ራሱ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በጥርና በየካቲት ተፋሰስ ልማት ላይ፣ በግብር ወቅት ግብር ላይ፣ በሌላው ጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ከመሄድዎ በፊት ያለበትንም የመንገዱንም ሁኔታ ደውለው ይጠይቁ። ዓርብ ከሰዓት በፊት 5፡30 ላይ ቢሮ ይዘጋል፤ እስከ 7፡30 አይከፈትም፤ ስለዚህ ዓርብን ለእድርና ለመስጊድ ኮሚቴ ይተዉት፤ ሰዎቹ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አብረው ይገኛሉ። የጽሕፈት ቤቱን በር ካለፉ በኋላ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር ያንብቡ፤ ለየትኛው አገልግሎት ምን ሰነድ እንደሚጠየቅና ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ተጽፏል። ያንን ቁጭ ብሎ የሚያነብ ባለጉዳይ እምብዛም ስለሌለ፣ ጠቅሰው ሲናገሩ ይደመጣሉ።

እርስዎ ደጋግመው መምጣት ካልቻሉ እህትዎን ይወክሏት። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 58 የቅርብ ዘመድ ጠበቃ ሳይሆን በውክልና ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይፈቅዳል። አዲስ አበባ ውልና ማስረጃ ሄደው ሲያስጽፉ፣ ሰነድ እንድትጠይቅና እንድትቀበል፣ አቤቱታ እንድታቀርብ፣ ምስክር እንድታሰማ ተብሎ ይዘርዘር። መሸጥና መለወጥ የሚለውን ግን አያስገቡበት፤ ለሽያጭ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ዛሬ ለሰነድ ፍለጋ እሱን መስጠት የወንድማማች ጠብ መጥመቅ ነው። ለጠበቃ አቅም ካነሰ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቁ። ጉዳይ ገዳዩ የሚያመጣልዎት ያለ ምዝገባ የታተመ የምስክር ወረቀት ከሆነ፣ መዝገብ ላይ ሲመሳከር አይገኝም፤ የሚጠየቁትም አቅራቢዋ እርስዎ ነዎት።

አንድ ነገር ግን ሁሉንም ይቀድማል። ቤቱን ወይም ማሳውን አሁን ማን ይዞታል? እናትዎ ያከራዩት ተከራይ ወይም የእኩል አራሽ ከሆነ ውሉን ይዘው ይረጋጉ። ወራሽ ነኝ ብሎ የያዘው ሌላ ሰው ካለ ግን ሰነድ እስኪሟላ አይጠብቁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 መብትዎንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቁ ጀምሮ 3 ዓመት ነው የሚሰጥዎት። ያወቁበትን ቀን ዛሬ ይቁጠሩት፤ ጊዜው እየተቃረበ ከሆነ የቀረው ሰነድ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቀርብ እየጠየቁ ክሱን አሁኑኑ ያስገቡ። እስከዚያው የቤቱንም የማሳውንም ግብር በአባትዎ ስም ይክፈሉ፤ ደረሰኙን እህትዎ በየዓመቱ ፎቶ አንስታ ትላክልዎት።